ክራሩ ሐዋሳ፣ ኪቦርዱ አዳማ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ስድስት ጥያቄዎች የመጡት ከሐዋሳ ነው። ጠያቂዎቹ ከ1973 እስከ 1988 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት፣ ሚሊኒያል የሚባሉት ናቸው፤ ኢንተርኔትን በካፌ፣ በደቂቃ እየከፈሉ ያወቁ፣ ዛሬ ደግሞ ከሥራና ከልጅ በተረፈ ሰዓት የሚዘፍኑ፣ የሚሥሉ፣ ፎቶ የሚያነሡ። «ተከታይ እንዴት ላብዛ?» የሚሉትን ደብዳቤዎች ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን፣ ስለ ሥራው ራሱና ሥራን ለሌላ ስለ ማካፈል የሚጠይቁትን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ክራር ተጫዋች ነኝ፤ የምኖረው ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ ለሥራ ወደ አዳማ ተዛውሯል፤ ዘፋኟ እዚሁ መናኸሪያ አካባቢ ናት። በቴሌግራም ጥሪ አብረን ለመለማመድ ብንሞክር ዜማው ተዘባረቀብን። ከዚያ በየፊናችን ቀድተን ስናገናኘው ደግሞ አልገጥም አለ። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ በጥሪ አብሮ መለማመዱን ይተዉት፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 10 ሜትር ተራርቀው በተቀመጡ ሁለት ተጫዋቾች መካከል የ30 ሚሊሰከንድ መዘግየት አለ። ከዚያ ሲበልጥ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ወደ ኋላ ይጎተታሉ። የሞባይል ጥሪ ደግሞ በቀላሉ ከ100 ሚሊሰከንድ ያልፋል። በዚያ ላይ የጥሪ መተግበሪያ የተሠራው ለንግግር ነው፤ የክሩን ረጅም ንዝረት እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል።

የሚያዋጣው በየተራ መደራረብ ነው፤ ያልገጠመላችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት ያልተስማማችሁበት ነገር ስላለ ይመስለናል። ኪቦርድ ያለው ጓደኛዎ የምት መቁጠሪያውን፣ ማለትም ክሊኩን፣ ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው በድምፅ ፋይል ሠርቶ ለሁላችሁም ይላክ። «ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ነው» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ችክችካ የሚባለው ምት 6/8 ነው፣ ማለትም በአንድ ዙር ስድስት አጫጭር ምቶች አሉት፤ አንዱ ሰው በሁለት፣ ሌላው በሦስት ይቆጥረዋል። በሁለት ሲቆጠር 120 የሆነው ዘፈን በሦስት ሲቆጠር 180 ነው። ሁለታችሁም ስልካችሁን 120 ላይ ብታደርጉትና አቆጣጠራችሁ ቢለያይ፣ የአንዳችሁ ቅጂ ፍጥነቱ በአንድ ሦስተኛ ቀንሶ ይመጣል።

ቀጥሎ ቅኝት። «ትዝታ ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። ሜጀር ነው ማይነር? መነሻ ድምፁስ የቱ ነው? ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ «ኤ» የሚባለውን ድምፅ በ440 ኸርዝ ይዞ ነው የሚነሣው፤ ክራር ግን የዘፋኙን ጉሮሮ ተከትሎ ስለሚቃኝ በግማሽ ድምፅ ቢወርድ እንኳ ማንም ልብ አይለውም፣ ኪቦርዱ እስኪገባ ድረስ። ስለዚህ ክሮቹን በስልክ መቃኛ አፕ አንድ በአንድ አስተካክለው፣ እያንዳንዱን ክር ለየብቻ እየመቱ የ20 ሰከንድ ቅጂ ለኪቦርዲስቱ ይላኩለት። ጆሮዎ የለመደው ቅኝት ከኪቦርዱ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ከሆነ ክራሩን አያስገድዱት፤ ብዙ ኪቦርዶች ድምፃቸውን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ ስላላቸው እነሱ ወደ ክራሩ ይምጡ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ቅኝቱ ይለቃልና በየቅጂው መካከል ደግመው ይፈትሹ።

ለመቅዳት ሁለት ስልክ ያስፈልጋል፦ አንዱ ክሊኩን በኤርፎን ያሰማል፣ ሌላው ይቀዳል። ኤርፎኑ ባለ ገመድ ይሁን። የብሉቱዙ ድምፁን ከ100 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ሊያዘገይ ይችላል፤ መዘግየቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አራት ምቶች ሲሰሙ ኤርፎኑን ወደ ቀጂው ስልክ ማይክ አስጠግተው ምቱ አብሮ እንዲቀዳ ያድርጉ፤ ከዚያ ወደ ጆሮዎ መልሰው ይጫወቱ። አቀናባሪው እነዚያን አራት ምቶች ከክሊኩ ጋር ሲያገጥም የተቀረው ሁሉ ቦታውን ይይዛል። ይህችን የዘለለ ቡድን ፋይል ሲገፋና ሲስብ ያድራል።

ስልኩን ከክራሩ 30 ሴንቲሜትር ያህል አርቀው ወደ ቆዳው ጠርዝ ያዙሩት፤ ፊት ለፊት ከሆነ የጣት ምቱ ከዜማው ይበልጣል። ዘፋኟ ከማይኩ አንድ ስንዝር ርቃ፣ አፏን ትንሽ ወደ ጎን አድርጋ ትዝፈን፤ አለበለዚያ በ«ፐ» እና በ«ጰ» ላይ ትንፋሿ ማይኩን ይመታዋል። የሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ስለሚያስተጋባ ከጀርባ ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ይሰቀል። የድምፁ ሞገድ በስክሪኑ ላይ ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ከታየ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ያንን እንደነበረ የሚመልስ ሶፍትዌር የለም፣ ራቅ ብሎ እንደገና መቅዳት ነው። የባጃጅ ድምፅም እንዲሁ ከቅጂ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ሰፈሩ ሲተኛ ይቅዱ።

ፋይሉ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል)፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ) ይሁን። በዚህ መጠን አንድ ደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ የአራት ደቂቃ ዘፈን 35 ማለት ነው። ሦስታችሁ ተደምራችሁ 105 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ቴሌግራም በነፃ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ስለሚቀበል ችግር የለም። የማይኩን ምልክት ተጭናችሁ በድምፅ መልእክት ግን አትላኩ፤ እሱ ተጨምቆ ነው የሚሄደው። በአባሪ ምልክቱ ገብታችሁ «ፋይል» የሚለውን ምረጡ። ዘፋኟ የምትገባው በ40ኛው ሰከንድ ቢሆንም ፋይሏ ከዜሮ ይጀምር፤ ዝምታውን ማንም እንዳይቆርጠው። ስሙ ላይ መሣሪያውና የቅጂው ቁጥር ይጻፍ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲሱ»፣ «የእውነት የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ስንቱን ዘፈን እንዳስቀሩ እኛ እናውቃለን። ማቀናበሩን አንድ ሰው ብቻ ይያዘው፤ ሌሎቻችሁ አስተያየት ስትሰጡ ደቂቃውንና ሰከንዱን ጥቀሱ።

ጥያቄ፦ ግጥም እጽፋለሁ። ድሮ ኮምፒውተር ላይ የጻፍኳቸውን ወደ ቴሌግራም ስገለብጣቸው የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆኑብኛል። አዲሶቹን ደግሞ ቪዲዮ ላይ ስጽፋቸው ባዶ አራት ማዕዘን ሆነው ይቀራሉ። ከቱላ።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚስማሙበት የፊደላት ኮድ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ያገለገሉት፣ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ሲነሣ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። መድኃኒቱ መቀየሪያ ፕሮግራም ነው፤ ለየትኛው የድሮ ፎንት እንደተሠራ አይተው ይምረጡ፣ ከተቀየረም በኋላ እንደ ኳ፣ ጓ፣ ቋ ያሉትንና ነጠላ ሰረዙን በዓይን ይፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ባዶው ሳጥን ደግሞ የተመረጠው ፎንት የኛን ፊደል እንደሌለው ነው የሚናገረው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን ነፃ ፎንቶች አውርደው ወደ ማቀነባበሪያው ያስገቡ። አፑ ፎንት የማይቀበል ከሆነ ግጥሙን በሌላ አፕ ጀርባው ባዶ በሆነ ምስል ሠርተው ቪዲዮው ላይ ይደርቡት። በአንድ መስመር ከ18 እስከ 20 ፊደል ይበቃል፤ ጥቁር ክፈፍ አያወፍሩበት፣ «ጨ» እና «ጠ» በትንሽ ስክሪን ላይ አንድ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት ጠዋት ፎቶ እያነሣሁ እለጥፋለሁ። አንድ አባት «ማን ፈቀደልህ?» ብለው ተቆጡኝ። በሌላ በኩል አንድ ገጽ ያነሣሁትን የአባ ኮዳ ወፍ ፎቶ ስሜን ቆርጦ የራሱ አስመስሎ ለጠፈው። በሁለቱ ጉዳይ ትክክሉ ማን ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያው እሳቸው፣ በሁለተኛው እርስዎ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ቁጥር 28 የተለዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ከእነሱም አንዱ በአደባባይ የተደረገ ወይም ሕዝብን የሚመለከት ሥነ ሥርዓት ነው። ስለዚህ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ መረብ የሚፈታን አንድ ሰው ፊቱን ሞልቶ ማንሣት ሌላ። «ጋሼ፣ ላንሣዎት? ኢንተርኔት ላይ ይወጣል» ብለው ሁለቱንም ነጥለው ይጠይቁ፤ ለማንሣት የፈቀደ ሁሉ ለመለጠፍ ፈቅዷል ማለት አይደለም። ሰውየው ነገሩ የገባው መስሎ እንዳይቀር ፎቶውን በስልክዎ ያሳዩት። አሳትመው ቢወስዱለት ደግሞ በሚቀጥለው ጠዋት ጀልባው ላይ ራሱ ይጠራዎታል። ለሕፃናት ወላጅ ይጠየቅ፤ ወላጅ ካልተገኘ ፎቶው ከስልክዎ አይውጣ። የእኚህን አባት ግን ዛሬውኑ ያውርዱት፣ ሄደውም እንዳወረዱት ይንገሯቸው።

ወደ አባ ኮዳው እንምጣ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው የራስዎ ፈጠራ ሆኖ እስከተቀረጸ ድረስ ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ አያስፈልግም። ለፎቶግራፍ የተሰጠው ዘመን 25 ዓመት ነው። በተግባር ግን የሚያሸንፈው ማስረጃ ያለው ነው። መጀመሪያ የገጹን ልጥፍ ቀኑና አድራሻው እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሡ፤ አስቀድመው በውስጥ መስመር ከጻፉላቸው አጥፍተው «የት አየኸው?» ሊሉ ይችላሉ። ከዚያ በመድረኩ የቅጂ መብት አቤቱታ ቅጽ ይግቡ፤ የሚጠይቀው ስምዎን፣ የራስዎን ልጥፍ ሊንክ፣ የእነሱን ሊንክና የሥራው ባለቤት ስለመሆንዎ የሚሰጡትን ማረጋገጫ ነው። በፎቶ ፋይል ውስጥ የሚቀመጠው ቀንና የካሜራ መረጃ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ ይራገፋል፤ ስለዚህ ያልተነካውን ዋና ፋይል በሌላ ዲስክ ይያዙ፣ ከእሱ በፊትና በኋላ የተነሡትን ፎቶዎችም አይሰርዙ። አንድ ፎቶ የሰረቀ ሰው ቀጥሎ የተነሣውን አያገኝም። ወደፊት ሲለጥፉ ጎኑ ከ1080 ፒክስል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ስምዎንም በጥግ ሳይሆን በወፉ ክንፍ ላይ ደብዘዝ አድርገው ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ሠዓሊ ነኝ፣ ሐይቅ ዳር ነው የምሠራው። የከተማዬ ሰው እንኳ ፈልጎ አያገኘኝም። ሀሽታግ ሳላደርግ ቀርቼ አይደለም።

መልስ፦ ሀሽታግዎን አየነው፤ «የሐዋሳሥዕል» ይላል። በፊደል አጻጻፍ ትክክል ነዎት፣ በፍለጋ ግን ብቻዎን ነዎት። እኛ «ሐ»ን እና «ሀ»ን በአንድ ድምፅ ብናነባቸውም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከተማችን ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ ተብላ ትጻፋለች። ሥዕልም ሥዕል፣ ስዕል፣ ሥእል፣ ስእል ይሆናል። አራት በአራት ሲባዛ 16 ነው፤ እርስዎ ከ16ቱ አንዱን ብቻ ይዘዋል፣ ያውም መነሻው ላይ «የ» ተጨምሮበት ሌላ ቃል ሆኗል። ሁለቱን ቃላት ለያዩአቸው፣ «የ»ን ያውጡ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሰው በስልኩ ቶሎ የሚጽፈውን (ሀዋሳ፣ ስዕል) እና ትክክለኛውን (ሐዋሳ፣ ሥዕል) ያድርጉ። የከተማዋን ስም በላቲን ፊደልም ይጨምሩ፤ ብዙ ሰው አሁንም እንዲያ ነው የሚፈልገው፣ ሲዳምኛም በላቲን ስለሚጻፍ የሲዳምኛ አንባቢም በዚያ በኩል ይመጣል። በሀሽታግ መሀል ክፍት ቦታ ወይም አራት ነጥብ ካስገቡ እዚያው ላይ ይቆረጣል፤ ማያያዝ ካስፈለገ የሥር ሰረዝ ይጠቀሙ።

የመጀመሪያው መስመር ደግሞ «በፍቅር የተሠራ» አይሁን። «የዘይት ቀለም በሸራ፣ 50 በ70 ሴንቲሜትር፣ ሐዋሳ» ይሁን። የሚገዛ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ሥዕሉን ሲያነሡ በጥላ ሥር፣ ስልኩን ከሸራው ጋር ትይዩ አድርገው፤ የክፍል መብራትና የመስኮት ብርሃን ሲቀላቀሉ ግማሹ ሥዕል ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይወጣል።

ጥያቄ፦ 14 ጓደኛሞች ሆነን የሥዕልና የፎቶ ቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን ነበር። አሁን 600 አባል አለው፤ የሚላከው ግን «እንደምን ዋላችሁ»፣ የበዓል ካርድና የሽልማት ሊንክ ነው። ሥራ የሚያሳይ ጠፋ። እንዝጋው?

መልስ፦ አትዝጉት፣ ክፈሉት። 600 ሰው ፊት ያላለቀ ሥራ የሚያወጣ ሰው የለም፤ ያላለቀ ሥራ የማይታይበት ግሩፕ ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ለተመልካቹ ቻናል ክፈቱ፤ ያለቀው እዚያ ይውጣ፣ አስተያየት የሚሰጥበት ግሩፕም ከቻናሉ ጋር ይያያዝ። በነባሩ ግሩፕ ላይ የማቀዝቀዣውን ሁነታ (ስሎው ሞድ) አንድ ሰዓት ላይ አድርጉት፣ ለተራ አባላትም ስቲከር መላክን ዝጉ። የበዓል ካርዱ በሳምንት ውስጥ ይቀንሳል።

የምትሠሩት 14ታችሁ ደግሞ ዝግ ግሩፕ ይኑራችሁ። ሰኞ አንድ ሥራ ይሰጥ፤ ርዕስ ብቻ ሳይሆን ገደብም ይኑረው። «ከታቦር ተራራ የሚታይ ጣሪያ፣ በሦስት ቀለም ብቻ»፤ «ባጃጅ፣ ግን ጎማው ሳይታይ»። ገደብ የሌለው ርዕስ ሰውን ያስፈራዋል፣ ሲያስረክብ የነበረውም «ጊዜ አጣሁ» ይላል። ማስረከቢያው እሑድ ማታ 3 ሰዓት ይሁን፤ ያላለቀውም እንዳለ ይረከብ። ያስረከበ ሰው ስለ ሁለት ሰዎች ሥራ አስተያየት ይጽፋል፦ አንድ ያየውን ነገር፣ አንድ ጥያቄ። «ዋው» እና «በርታ» በኢሞጂ ይተኩ። ያልጠየቀን ሰው ማረም ይቅር፤ ትችት የሚፈልግ ራሱ «ተቹኝ» ብሎ ይጻፍበት። ከሁሉም ይልቅ ግሩፕ የሚገድለው ያልተጠየቀ መምህር ነው።

ለአስተያየት የሚላክ ምስል እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና የብሩሹ ምልክት ይጠፋል። አድሚን ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ስልኩ ቢሰረቅ ግሩፑ ያለ ባለቤት እንዳይቀር። ሁለቱም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። «ለእኅቴ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል ሊንክ ከጓደኛ ስም ቢመጣ እንኳ ተከፍቶ ስልክ ቁጥርና ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ አካውንት መስረቂያ ነው። የላከው ሰውም ቀድሞ የተሰረቀበት ነው፤ ደውላችሁ ንገሩት።

ጥያቄ፦ ከ2002 እስከ 2006 ዓ.ም. የሣልኳቸው ካርቱኖች ያሉት ፌስቡኬ ላይ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ጠፍቷል። የሰዎቹን አስተያየት ጨምሬ ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ የራስዎን ይችላሉ። በቅንብሩ ውስጥ መረጃዎን ለማውረድ የሚያስችል አማራጭ አለ። እዚያ ሦስት ነገር ያስተካክሉ፦ ዘመኑን ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ የምስሉን ጥራት «ከፍተኛ»፣ ቅርጹን ደግሞ ኤችቲኤምኤል (እንደ ድረ ገጽ ተከፍቶ የሚነበብ)። ጄሰን የሚባለውን ከመረጡ አማርኛው በሙሉ ወደማይነበብ የላቲን ምልክት ይቀየርብዎታል፤ ሰው ጽሑፌ ጠፋ ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ እስኪዘጋጅ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ሲደርስ የማውረጃው ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ አያቆዩት። ሌሎች ሰዎች በካርቱንዎ ሥር የጻፉት ግን አብሮ አይመጣም፤ እሱን ካርቱኑን ከፍተው «ተጨማሪ አስተያየቶች» የሚለውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው በኮምፒውተር ላይ ገጹን በፒዲኤፍ ያስቀምጡት። በዚያ ዘመን ግማሹ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የሚጽፈው፤ እንዳያርሙት፣ እንደተጻፈ ይያዙት። ምስሎቹ ትንንሽ ሆነው ይወጣሉ፤ ለስክሪን ይበቃሉ፣ ለኤግዚቢሽን ማሳተም ከፈለጉ ግን ከ10 በ15 ሴንቲሜትር በላይ ሲሆኑ መስመሩ መሰነጣጠቁ አይቀርም፤ እነዚያን አትመው አጠገብዎ አስቀምጠው በብዕር ዳግመኛ መሣል ይሻላል።